ከፒኤስ4 ወደ ፒኤስ5 ልትቀይሩ ነው? እነዚህን ስህተቶች እንዳትሰሩ

አንዱ ኮንሶል (እንደ ፕሌይስቴሽን፣ ማለትም ፒኤስ፣ ያለ የጌም ማሽን) እያረጀ ሌላው ገና ሁሉም እጅ ሳይገባ ያለው ጊዜ ነው ብዙ ሰው ብሩን የሚያባክንበት።

"ትንሽ ልጠብቅ ይረክሳል" ማለት። ይሄ ድሮ ይሰራ ነበር። ፒኤስ2 አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2000 በ299 ዶላር ወጥቶ 2009 ላይ 99 ገብቷል። ፒኤስ5 ግን በ2020 ባለ ዲስኩ 499 ነበር፣ ኦገስት 2025 ላይ ጭራሽ 549 ሆነ፣ አምስት ዓመት የጠበቀ ሰው ጨምሮ ነው የገዛው።

አዲሱ ወጣ ተብሎ አሮጌውን ወዲያው መሸጥ። ጎድ ኦፍ ዋር ራግናሮክ የሚባለው ጌም የወጣው ኖቬምበር 2022 ነው፣ ፒኤስ5 ሁለት ዓመት ሞልቶት፣ ግን ለፒኤስ4ም ነበረው። ኳስ ብቻ የምትጫወቱ ከሆነ ኤፍሲ 26ም ፒኤስ4 ላይ አለ፣ ምን አስቸኮላችሁ? ጂቲኤ 6 ለምትጠብቁ ግን ሌላ ነው፣ እሱ የታወጀው ለፒኤስ5ና ለኤክስቦክስ ሲሪስ ብቻ ነው።

ዲጂታል (ዲስክ ማስገቢያ የሌለው) ይሁን ባለ ዲስክ ሳይለዩ ማስመጣት። በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ "ፒኤስ5 አምጣልኝ" ይባላል፣ እሱ ስለ ጌም አያውቅም፣ ረከስ ያለውን አይቶ ይገዛል። የአክስቴ ልጅ እንደዚህ ሆኖ፣ የፒኤስ4 ዲስኮቹን ምንጣፉ ላይ ደርድሮ ማሽኑን እያገላበጠ የዲስክ ማስገቢያ ሲፈልግ አይቼዋለሁ፣ አንጀቴን ነው የበላው። ማንበቢያ ቢኖረው እኮ ዲስኮቹ ይሰሩለት ነበር። የ2020ው ዲጂታል ላይ በኋላ ማንበቢያ መጨመር አይቻልም። በ2023 መጨረሻ የወጣው ስሊም (ቀጠን ያለው ፒኤስ5) ዲጂታል ላይ ግን ለብቻው ገዝቶ መግጠም ይቻላል፣ መጀመሪያ ሲገጠም ኢንተርኔት እንደሚፈልግ ብቻ እወቁ። ፕሮ የሚባለው ጠንከር ያለው ፒኤስ5ም በ700 ዶላር ወጥቶ ማንበቢያ አብሮት የለም። ስለዚህ የምትፈልጉትን ካርቶን ፎቶ ለዘመዳችሁ ላኩለት፣ በቃል አትንገሩት።

የድሮው ጆይስቲክ ይበቃናል ማለት። የፒኤስ4 ጆይስቲክ ፒኤስ5 ላይ የፒኤስ4 ጌም ብቻ ነው የሚያጫውተው፣ ስለዚህ ለሁለት የምትጫወቱ ከሆነ የሁለተኛ ጆይስቲክ ብር አብራችሁ ያዙ። በዩኤስቢ የሚሰካው ሀርድ ዲስክም የፒኤስ5 ጌም ያስቀምጣል እንጂ ከሱ ላይ አያጫውትም።

ሴቭ (ጌሙ ላይ የደረሳችሁበትን የሚይዘው ፋይል) ሳያወጡ መሸጥ። ስንት ወር የተጫወታችሁት በአንድ ፎርማት ይጠፋል። ገዢው ከመምጣቱ በፊት ሴቫችሁን ፍላሽ ላይ ገልብጡት፣ የፒኤስ4 ሴቭ ከፍላሽ ወደ ፒኤስ5 ይገባል።