የአበባ ችግኝ ቤት ውስጥ ማፍላትና ማዛወር

ቤት ውስጥ የፈላ የአበባ ችግኝ በአብዛኛው የሚበላሸው ውሃ ሲበዛበትና ብርሃን ሲያንሰው ነው። ስለዚህ ዘር ከመግዛታችሁ በፊት መብራቱን የት እንደምታንጠለጥሉ ወስኑ።

ቀጥሎ ችግኙ ወደ ውጭ የሚወጣበትን ቀን ያዙና ወደ ኋላ ቁጠሩ። ውርጭ በሚጥልበት አካባቢ ቀኑ ውርጩ ካለፈ በኋላ ይሁን። ፔቱኒያ ከ10 እስከ 12 ሳምንት፣ ስናፕድራገን ከ8 እስከ 10፣ ማሪጎልድ ከ6 እስከ 8፣ ዚኒያ 4 ሳምንት ያህል ቀድመው ይዘራሉ። መቸኮል ጉዳት አለው፤ ትንሽ ዕቃ ውስጥ ስሩ ተጠላልፎ የከረመ ችግኝ ከተዛወረ በኋላ ቶሎ አይነሳም።

የጓሮ አፈር ለዚህ ሥራ አይሆንም። ትንሽ ዕቃ ውስጥ ውሃ ሲጠጣ ይጠጥርና ስሩን አየር ያሳጣዋል፤ ችግኝ የሚጥል ፈንገስም ይዞ ሊገባ ይችላል። ሁለት እጅ ፒት ሞስ (ከረግረግ የሚወጣ የበሰበሰ የሽበት ብናኝ) ወይም ኮኮፒት (የኮኮናት ልጣጭ ብናኝ) ከአንድ እጅ ፔርላይት (ነጭና ቀላል የድንጋይ ፍርፋሪ) ጋር ቀላቅሉ። ድብልቁን ዕቃው ውስጥ ከመጨመራችሁ በፊት ለብ ባለ ውሃ አርጥቡት። ደረቅ ፒት ሞስ ውሃ እሺ ብሎ አይቀበልም፤ ከላይ ያፈሰሳችሁት በዳር በዳሩ ይወርድና መሃሉ እንደ ደረቀ ይቀራል። ጨበጥ አድርጋችሁ ስትጨምቁት ሁለት ሦስት ጠብታ ብቻ ከወጣው ልክ ነው።

ዕቃው ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ጥልቀትና ከሥሩ ቀዳዳ ካለው ይበቃል፤ የእርጎ ኩባያም ይሆናል። ከዚህ በፊት ያገለገለ ከሆነ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጣችሁ ለ10 ደቂቃ ዘፍዝፉትና አለቅልቁት።

የፔቱኒያ ዘር እንደ አቧራ የደቀቀ ነው። ከደረቅ ደቃቅ አሸዋ ጋር ቀላቅላችሁ ከላይ በትኑት፣ በመዳፍ ጫን ጫን አድርጉት፣ አፈር ግን አታልብሱት፤ ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋል። ስናፕድራገንም እንደዚሁ ነው። ማሪጎልድና ዚኒያ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል አፈር ይልበሱ። ፓንሲ ደግሞ ለመብቀል ጨለማ ይሻለዋል። ዕቃውን በላስቲክ ሸፍናችሁ ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ባለበት ቦታ አስቀምጡ። የመጀመሪያው ቡቃያ ብቅ ባለበት ቀን ላስቲኩን አንሱ፤ አንድ ቀን እንኳ አታሳድሩት።

ከዚህ በኋላ ወሳኙ ብርሃን ነው። የክፍሉ ጣሪያ ላይ ያለው አምፖል አይበቃም፤ በመስኮት ብቻ ያደገ ችግኝም አብዛኛውን ጊዜ ቀጥኖ ወደ መስታወቱ ይዘማል። ፍሎረሰንት መብራት ከቅጠሉ ጫፍ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት አብሩለት፣ ችግኙ ባደገ ቁጥርም መብራቱን አንሱት። ሙቀቱን ወደ 16 ወይም 18 ዲግሪ ብታወርዱት ግንዱ ይደነድናል።

ውሃ ከሥር ይጠጣ። ኩባያውን ውሃ ያለበት ሳህን ላይ ለ20 ደቂቃ አስቀምጡና የተረፈውን ድፉት። እንደገና የምታጠጡት የአፈሩ መልክ ሲነጣና ኩባያው ሲነሳ ሲቀል ነው። ማታ ቆሞ የነበረ ችግኝ ጠዋት ተጋድሞ ካገኛችሁት ጎንበስ ብላችሁ ግንዱን እዩ። ከአፈሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ እንደ ክር ቀጥኖ ቅጠሉ ገና አረንጓዴ ከሆነ ፈንገስ ጥሎታል። የወደቀው አይድንም። በዙሪያው ካለው አፈር ጋር አውጥታችሁ ጣሉት፣ የቀሩትን አፈራቸው ላዩ እስኪደርቅ ውሃ ከልክሏቸው፣ ነፋስም ያግኛቸው።

መጀመሪያ የሚወጡት ሁለት ቅጠሎች የዘሩ ስንቅ ናቸው። ከነሱ በኋላ አንድ ወይም ሁለት ጥንድ እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ ለየብቻው አዛውሩት። በእርሳስ ጫፍ ከሥሩ አንሱት፣ የምትይዙት ግን በቅጠሉ ነው። ቅጠል ቢቀደድ ሌላ ይተካል፣ ግንድ ከተጨፈለቀ ችግኙ አለቀለት። ከዚህ ወዲህ ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ግማሽ ያህል ፈሳሽ ማዳበሪያ በሳምንት አንዴ ስጡት። ዚኒያ ስሩ ሲነካ ስለማይወድ ከመጀመሪያው በየኩባያው ሁለት ፍሬ ዝሩና ደካማውን በመቀስ ቁረጡ፤ ከነቀላችሁት የጎረቤቱን ስር ያናጋል። ስናፕድራገንና ፔቱኒያ ሦስት አራት ጥንድ ቅጠል ሲይዙ ጫፋቸውን ቀንጥቡት፣ ከጎን ብዙ ቅርንጫፍ ያወጣሉ።

ወደ ውጭ ከማውጣታችሁ በፊት ከ7 እስከ 10 ቀን አላምዱት። የመጀመሪያው ቀን ነፋስ በማይነካው ጥላ ውስጥ አንድ ሁለት ሰዓት ይበቃዋል። በየቀኑ ሰዓቱን ጨምሩ፣ ፀሐይም በጠዋቱ ይጀምር። ቅጠሉ ላይ ነጭ ጠባሳ ከወጣ ፀሐይ አቃጥሎታል፤ ጠባሳው አይጠፋም፣ አዲሱ ቅጠል ግን ደህና ሆኖ ይወጣል።

የሚዛወርበት ቀን ደመናማ ይሁን፣ ካልሆነም ወደ ማምሻው። ከአንድ ሰዓት በፊት አጠጡት፣ ኩባያውን ገልብጣችሁ የኩባያውን ቂጥ መታ መታ አድርጉ፣ ግንዱን ይዛችሁ አትሳቡ። የተጠቀለለ ስር ካለ በጣት ፈታ አድርጉት። ኩባያው ውስጥ በነበረበት ጥልቀት ትከሉት፤ የቀጠነ ማሪጎልድ ግን ግንዱ ስር ስለሚያወጣ ትንሽ ዝቅ ቢል ይጠቀማል። ለአጫጭሮቹ የማሪጎልድ ዓይነቶች ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይበቃል። ከፒት ሞስ በተሠራ፣ ከነችግኙ በሚቀበር ኩባያ የተከላችሁ እንደሆነ ከአፈር በላይ የሚቀረውን ጠርዝ ቀዳችሁ ጣሉት፤ እርጥበቱን ከስሩ እየሳበ ለነፋስ ይሰጠዋል።

ወዲያው አጠጡት፣ በመጀመሪያው ሳምንትም በየቀኑ እዩት። ቀትር ላይ ጠውልጎ ማታ ቀና የሚል ከሆነ አፈሩን በጣት ንኩ፤ እርጥብ ከሆነ ስሩ ገና ስላልያዘ ነውና ተዉት። ጠዋትም ጠውልጎ ካገኛችሁትና አፈሩ ከደረቀ አጠጡት።