የታሸ ሻፍት ለምን ይላጣል? ችግርና መፍትሄ

ድሬዳዋ ውስጥ ወደ እኔ የሚመጣው ሥራ በብዛት የወፍጮና የውኃ ፓምፕ ሻፍት፣ ማለትም የሚዞረው የብረት ዘንግ ነው። ኩሽኔታ የሚቀመጥበት ቦታ ተበልቶ ይመጣል፤ በብየዳ ተሞልቶና ተቀርጾ ይመለሳል። ገጹን እሳት ሳይነካው ለማጠንከር ቶርኖ (ብረት እያዞረ የሚቀርጽ ማሽን) ላይ እናሸዋለን፦ ሻፍቱ እየዞረ፣ ከእሱ የጠነከረ፣ ገጹ ያልሻከረ ሮለር ወይም ክብ ጫፍ ይጫነዋል። ብረቱ አይቆረጥም። ሲቀረጽ ቱሉ (መቁረጫው) የተወው ጉብታ ተጨፍልቆ ጎድጓዳውን ይሞላል፣ ቆዳውም ተጨምቆ ይጠነክራል። የባቡር አክስል አንገት በዚህ መንገድ ሲታሽ ኖሯል፤ የባቡር ከተማ ባለሙያዎች ይህን ዘዴ በደንብ ልናውቀው ይገባል።

ገጹ እንደ ዓሣ ቅርፊት ሲላጥ

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ጫናና ድግግሞሽ ነው። ብረት እየተጨመቀ የሚጠነክረው እስከ ልኩ ድረስ ብቻ ነው። የመለጠጥ አቅሙ ሲያልቅ ከቆዳው ሥር ይሰነጠቃል፤ ከላይ ግን አሁንም ያብረቀርቃል። አንድ የፓምፕ ሻፍት አራት ጊዜ አመላልሼ አሽቼ፣ መስታወት መስሎ ደስ ብሎኝ አስረክቤ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ተላጦ ተመለሰ፤ ባለቤቱ ማሳው ውኃ እየጠበቀ ነበር።

የተላጠውን መልሶ መጫን አያድነውም። የተጎዳውን ቆዳ በቱል አንስቶ እንደገና መጀመር ነው፤ ልኩ ካልበቃ ሞልቶ መቅረጽ። ከዚያ ጫናውን ዝቅ አድርጋችሁ መጀመሪያ በዚያው ዓይነት ቁራጭ ብረት ላይ ሞክሩ። ሮለሩ በአንድ የሻፍቱ ዙር 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል እየሄደ አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ ማለፍ ይበቃል። አንዴ ታሽቶ ካላማረ፣ ጥፋቱን ከማሸቱ በፊት በነበረው ቀረጻ ላይ ፈልጉት፤ ሻካራ ቀረጻ በጫና አይስተካከልም።

ኩሽኔታው ሲላላ

ማሸት ውፍረቱን ከ0.01 እስከ 0.03 ሚሊ ሜትር ይቀንሳል፤ ሲቀረጽ ያንን ያህል ትርፍ መተው ያስፈልጋል። በእኛ ከተማ ሌላም ምክንያት አለ፦ ሙቀት። የ50 ሚሊ ሜትር ሻፍት ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ቢጨምር 0.018 ሚሊ ሜትር ያህል ይወፍራል። ከቶርኖው ሳይወርድ በትኩሱ የተለካ ሻፍት ማታ ሲቀዘቅዝ ያንሳል። ሻፍቱም መለኪያው ማይክሮሜትርም አንድ ጥላ ሥር ቆይተው ይለኩ። ደንበኛ ቢያጣድፍም ይህን አታሳጥሩ።

ቀጭን ጭረት ጠምዝዞ ሲሄድ

አቧራ ነው። ነፋሱ የደቻቱን ወንዝ አሸዋ ሲያነሳ በር ከፍቶ ማሸት አይሆንም። ዘይቱን በጨርቅ አጥልሉ፣ ሻፍቱን ጥረጉ፣ ሮለሩንም በጥፍራችሁ ዳስሱት፤ ጥፍር ከያዘ እሱ ራሱ ተጭሯል።

ገጹ ሞገድ ሲያወጣ

ረጅም ቀጭን ሻፍት በጫናው ይጎብጣል። መሃሉን ደግፉት፤ የላላ የቱል መያዣም ካለ አጥብቁ።

አብረቅርቆ ሳይጠነክር ሲቀር

በመጀመሪያ የጠበቃችሁትን መርምሩ። ካርቦኑ ትንሽ የሆነ ብረት ሲታሽ ይጠነክራል እንጂ ግሎ ውኃ ውስጥ እንደተነከረ የካርቦን ብረት አይሆንም፤ ሊማ (ሞረድ) አሁንም ይይዘዋል። ከታሸ በኋላ ተበይዶ ከሆነ ደግሞ፣ የጋለው ቦታ በማሸት ያገኘውን ጥንካሬ አጥቷል። ስለዚህ መጀመሪያ ብየዳ፣ ቀጥሎ ቀረጻ፣ ማሸት መጨረሻ። ተሰባሪ በሆነው ሲዳብረት (ቀልጦ በቅርጽ በፈሰሰው ብረት) ላይ ግን ብዙ አትድከሙ።

አይዝጌ ብረት በተቃራኒው ቶሎ ይጠነክራል፣ ሮለሩ ላይም ይጣበቃል፤ ዘይት አብዙ፣ ጫና ቀንሱ። በተለመደው 304 በሚባለው ዓይነት ላይ ማግኔት ይዛችሁ ሥሩ። ከመታሸቱ በፊት የማይሳበው ብረት ከታሸ በኋላ ማግኔቱን ትንሽ መያዝ ከጀመረ፣ ቆዳው ተለውጧል፤ እዚያው ላይ አቁሙ።