ክረምት ከፍ፣ በጋ ዝቅ፦ የጎንደር ጓሮ አትክልት፣ አበባና ወፍ

የጎንደር ጓሮ ችግሩ ሁለት ነው፤ ሁለቱም ውሃ ነው። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መግቢያ ውሃው በዝቶ ሥር ያፍናል። ጥቅምት ካለፈ በኋላ ደግሞ ጠፍቶ መሬቱ ይሰነጣጠቃል። ስለዚህ መደብ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ቅርጽ መቆየት የለበትም፤ በክረምት ከመሬት ከፍ፣ በበጋ ከመሬት ዝቅ ማለት አለበት። ብዙ ጓሮ የሚከስረው ዘር ወይም ማዳበሪያ አጥቶ ሳይሆን የበጋው መደብ በክረምት፣ የክረምቱም በበጋ ሳይለወጥ ስለሚቆይ ነው።

አፈርና ፀሐይ

በከተማዋ ኮረብታዎች ወገብ ላይ ቀይ አፈር ይበዛል፤ ወደ ደምቢያ ሜዳ በወረዳችሁ መጠን ጥቁሩ ዋልካ ይበረክታል። የእናንተን ለመለየት አንድ እፍኝ አፈር አርሳችሁ በመዳፋችሁ መካከል አድቦልቡሉት። እንደ ጣት ቀጥኖ ሲታጠፍ ሳይሰበር ክብ ከሠራ ዋልካ ነው። ቀጥሎ ጥልቀቱ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ቆፍራችሁ በውሃ ሙሉት። መጥጦ ሲጨርስ እንደገና ሙሉትና ሰዓት ያዙ። ሁለተኛው ውሃ ከ4 ሰዓት በላይ ከቆየ፣ እዚያ ላይ መደቡ ከፍ ሳይል ነጭ ሽንኩርትም ሆነ ድንች በክረምት አትትከሉ፤ ይበሰብስባችኋል።

ዋልካን በአሸዋ ለማለስለስ አትድከሙ። ጥቂት አሸዋ ከእንዲህ ያለ አፈር ጋር ሲደባለቅ ደርቆ እንደ ጡብ ይጠነክራል። የሚያለሰልሰው ብስባሽ ነው፦ በየዓመቱ ለአንድ ካሬ ሜትር አንድ ባልዲ፣ ማለትም 10 ሊትር ያህል። አፈሩ ዶማው ላይ እየተጣበቀ ከሆነም አትቆፍሩ፤ እርጥብ ዋልካ ሲረገጥና ሲገለበጥ ይደድራል፣ ያ ጓል እስከሚቀጥለው ዓመት አይፈርስም። የእንጨት አመድ ለቀይ አፈር በካሬ ሜትር አንድ እፍኝ ይበቃል፤ ለዋልካ አያስፈልግም።

ስለ ፀሐይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ጎንደር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ የእኩለ ቀን ፀሐይ ወደ ደቡብ ያዘነብላል። ቁመቱ 2 ሜትር የሆነ አጥር በታኅሣሥ እኩለ ቀን ወደ ሰሜን አንድ ሜትር ተኩል ያህል ጥላ ይጥላል። ቲማቲምና ሽንኩርት ከአጥሩ በስተደቡብ ይሁኑ፤ ቆስጣና ሰላጣ ግን ከአጥሩ በስተሰሜን ያለውን ጥላ በተለይ በየካቲትና በመጋቢት ሙቀት ይወዱታል።

የክረምት መደብ

በግንቦት መሬቱ ገና ሳይጨቀይ ስፋቱ 1 ሜትር፣ ከፍታው ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር የሆነ መደብ ሥሩ። ስፋቱ ከዚህ ከበለጠ እጅ ከሁለቱም ወገን መሃሉ ላይ አይደርስም፤ ሰውም መደቡን መርገጥ ይጀምራል። በመደቦቹ መካከል 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቦይ ተዉ፤ ቦዩም ውሃውን ከግቢ የሚያስወጣ ትንሽ ተዳፋት ይኑረው። መውጫ የሌለው ቦይ ኩሬ ነው። በሐምሌ ከትልቅ ዝናብ በኋላ ጃንጥላ ይዛችሁ ውጡና ውሃው የት እንደሚቆም እዩ፤ ያንን ቦታ በዚያው ቀን ክፈቱት።

በሰኔ መጀመሪያ ድንች ትከሉ። እንቁላል የሚያክል፣ አጭርና ወፍራም ቡቃያ ያወጣ ዘር መርጣችሁ በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ በመስመርና መስመር መካከል 75 ሴንቲ ሜትር አድርጉ። ቁመቱ አንድ ስንዝር ሲሆን አፈር አልብሱት፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ድገሙት። ዋናው ጠላት ምች ነው። በሐምሌና በነሐሴ ጭጋግ ቅጠሉ ጠርዝ ላይ ውሃ የነካው የሚመስል ጠቆር ያለ ነጠብጣብ ይታያል፤ ጠዋት ከቅጠሉ ሥር ነጭ ሻጋታ ታገኛላችሁ። ከዚያ በኋላ አንድ መደብ በጥቂት ቀን ይረግፋል። ጉዳኔና በለጠ የተባሉት ዝርያዎች ምችን የተሻለ ስለሚቋቋሙ ከተገኙ እነሱን ምረጡ። በሽታው ግንድ ላይ ከደረሰ ግን አትዘግዩ፦ ግንዱን ከመሬት አጭዳችሁ ራቅ አድርጋችሁ ቅበሩ፤ ድንቹን መሬት ውስጥ ሁለት ሳምንት አቆዩት። ቆዳው ይጠነክራል፤ ድንቹ ሲወጣም በሽታው አይጋባበትም።

ነጭ ሽንኩርት በዚያው ጊዜ ይተከላል፦ ሹሉ ጫፍ ወደ ላይ፣ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ጠልቆ፣ በ10 ሴንቲ ሜትር ርቀት። ሥሩ ላይ ነጭ ሻጋታና እንደ ሰናፍጭ ያሉ ጥቃቅን ጥቁር ፍሬዎች ካያችሁ ተክሉን ከነአፈሩ አውጡና አቃጥሉት። እነዚያ ፍሬዎች በአፈር ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ ሊቆዩ ስለሚችሉ፣ እዚያ መደብ ላይ ቀይም ሆነ ነጭ ሽንኩርት አይመለስም። ዘሩን ከገበያ ስትገዙ የራሱን ታች ገልብጣችሁ ማየት ያለባችሁ ለዚህ ነው።

የአበሻ ጎመን በ40 ሴንቲ ሜትር ርቀት ተክላችሁ ከታች ከታች ቅጠል ቅጠሉን ልቀሙ፤ አናት ላይ አምስት ስድስት ቅጠል ተዉለት። ዱባ ከብስባሹ ክምር አጠገብ ይቀመጥ፤ ሌላ እንክብካቤ አይጠይቅም።

መስከረም፦ መደቡ የሚገለበጥበት

ችግኝ በመስከረም አጋማሽ አፍሉ። ለቲማቲምና ለሽንኩርት ዘሩን በ10 ሴንቲ ሜትር መስመር፣ ከ1 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ጥልቀት ዘርታችሁ በስሱ ሳር ሸፍኑት። መብቀል ሲጀምር ሳሩን በማግስቱ አንሱ፤ ከዘገያችሁ ችግኙ ቀጥኖ ይመዘዛል። ችግኝ ከአፈር ጋር በሚገናኝበት ቦታ ቀጥኖ የሚወድቅ ከሆነ ምክንያቱ መጨናነቅና የውሃ ብዛት ነው፤ አሳሱት፣ ውሃም ጠዋት ብቻ ስጡት። ከመተከሉ አንድ ሳምንት በፊት ውሃ ቀንሱለት። ቲማቲም ከ4 እስከ 6 ሳምንት፣ ሽንኩርት 50 ቀን ገደማ ሲሆነው ይተከላል፤ ሁልጊዜም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ሲበርድ።

እስከዚያው መደቡን ለውጡ። የመደቡን አናት አፈር ወደ ጠርዝ ስባችሁ ውስጡን ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርጉት፤ ጠርዙ ግድብ ይሆናል። አሁን የምታፈሱት ውሃ ሁሉ ሥር ላይ ይቀራል። ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ደረቅ ሳር ወይም ጭድ ጎዝጉዙበት፤ ግንዱን እንዳይነካ ግን አንድ ጣት ያህል ራቅ ይበል። ምስጥ ባለበት ግቢ ጉዝጓዙ ይስሳ።

ውሃውን ቁጠሩት። በበጋ አንድ ካሬ ሜትር መደብ በቀን 5 ሊትር ገደማ ይጠጣል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለ4 ካሬ ሜትር ማለት ነው። ችግኙ ሥር ከያዘ በኋላ በየሁለት ቀኑ 10 ሊትር በካሬ መስጠት በየቀኑ 5 ከመርጨት ይሻላል፤ ሥሩ ወደ ታች ይወርዳል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር መደቡን በጀሪካናችሁ ቁጥር ልክ ሥሩ እንጂ በግቢው ስፋት አይሁን። ክረምት እያለም በርሜል አዘጋጁ፦ በ1 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ነው፤ 40 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ እስከ 800 ሊትር ይሆናል፣ አራት በርሜል።

ለቲማቲምና ለቃሪያ ገንቦ መቅበር ከሁሉም ውሃ ቆጣቢ ነው። በወለቃም ሆነ በሌላ ቦታ ከሸክላ ሠሪዎች ያልታሸ፣ ቅባት ያልነካው ገንቦ ግዙ። ውሃ ሙሉትና አሳድሩት፤ ጠዋት ውጪው ካልረጠበ አያገለግልም። እስከ አንገቱ ቅበሩት፣ ዙሪያውን በአንድ ስንዝር ርቀት ሦስት አራት ችግኝ ትከሉ፣ አፉን በጠፍጣፋ ድንጋይ ክደኑ። ውሃው በሸክላው አልፎ ሥሩ የፈለገውን ያህል ይወጣል። በሦስት ቀን አንዴ መሙላት ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ቲማቲም በ50 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይተከል፤ ድንች በነበረበት መደብ ግን አይሆንም፣ በሽታቸው አንድ ነው። እዚህ ብዙ ሰው አንድ ስህተት ይሠራል፦ ሁሉንም ቲማቲም የጎን ቅርንጫፉን ይለቅማል። ሮማ ቪ ኤፍ ዓይነቱ ቁመቱ የተወሰነ ዝርያ ስለሆነ ፍሬውን የሚይዘው በእነዚያ ቅርንጫፎች ላይ ነው፤ ከመጀመሪያው አበባ በታች ያሉትን ብቻ አንሱለት። ሳያቋርጥ የሚያድገውን ግን በአንድ ወይም በሁለት ግንድ እንጨት ላይ እሰሩት። የፍሬው ቂጥ ጠቁሮ ከጎደጎደ ትልም በሽታም አይደለም፤ አንድ ሳምንት ደርቆ በሚቀጥለው ሲጥለቀለቅ ካልሲየም ወደ ፍሬው ስለማይደርስ ነው። መድኃኒቱ ውሃውን እኩል ማድረግ ነው።

ሽንኩርት (ቦምባይ ሬድ ወይም አዳማ ሬድ) በ10 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ በ20 ሴንቲ ሜትር መስመር። አንገቱ መተኛት ሲጀምር ውሃ አቁሙ። ካሮት እንደ ችግኝ አይዛወርም ብላችሁ ያዙ፤ ካሮትንም ቀይ ሥርንም እዚያው ዘርታችሁ በ5 ሴንቲ ሜትር አሳሱ። ያልበሰለ ፍግ የነካው ካሮት ሁለት እግር ያወጣል።

በጎመን ላይ ክሽክሽ ከታኅሣሥ በኋላ ሲመጣ በ1 ሊትር ውሃ 2 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጣችሁ ከቅጠሉ ሥር እርጩ፣ በማታ፤ በአምስት ቀኑ ድገሙ። የልብስ ዱቄት ሳሙና ቅጠል ያቃጥላል። ችግኝ ሌሊት ተቆርጦ ወድቆ ካገኛችሁት ቆራጭ ትል ነው፤ አፈሩን ሁለት ጣት ያህል ብትጭሩ ተጠቅልሎ ታገኙታላችሁ። ለሚቀጥለው ችግኝ ከወረቀት የተጠቀለለ አንገትጌ፣ 2 ሴንቲ ሜትር መሬት ውስጥ ገብቶ 4 ወደ ላይ የቀረ፣ ያድነዋል።

አበባው

ጽጌረዳ በጥምቀት እንዲያብብ ከፈለጋችሁ ከኅዳር 10 እስከ 20 ባለው ጊዜ ግረዙት፤ ከግርዛት እስከ አበባ ሰባት ስምንት ሳምንት ያህል ይወስዳል፣ ጥር 11 ላይ ይደርሳል። የሞተውንና ወደ መሃል የሚያድገውን ቅርንጫፍ ጨርሶ አንሱ፤ ጤነኛውን ወደ ውጭ ከሚያይ ቡቃያ በላይ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ላይ፣ ዘመም አድርጋችሁ ቁረጡ። ከዚያ አንድ ባልዲ ብስባሽ በሥሩ ዙሪያ። ቅጠሉ ላይ ነጭ ዱቄት መሰል አመዳይ ከታየ ቁጥቋጦው ታፍኗል፤ መሃሉን ክፈቱት።

አደይ አበባን ከሜዳ ነቅሎ ማምጣት አያዋጣም። ሲደርቅ ዘሩን ልቀሙ፣ በወረቀት አቆዩትና በግንቦት መጨረሻ ከአጥር ሥር በተጫረ አፈር ላይ በትኑት፤ የሚያርም ሰው ሁሉ ቡቃያውን እንዲያውቀው አድርጉ፣ እንደ አረም ተነቅሎ የሚጠፋው በዚያ ነው። የፈረንጅ ሱፍ በሰኔ በ40 ሴንቲ ሜትር ርቀት ዝሩ። በአጥር ጥግ ደግሞ ራስ ክምርና እሬት ይኑሩ፤ ውሃ አይለምኑም፣ ረጃጅም ቱቦ መሰል አበባቸውም አበባ ቀሳሚ ወፎችን ይጠራል።

ወፎቹ

ወፍን ማባረር ብቻ የሚያስብ ሰው ትሉን ሁሉ ለብቻው መልቀም አለበት። ድንቢጥ ራሷ ዘር ብትበላም ጫጩቶቿን የምታሳድገው በነፍሳት ነው። ጎባጣ ረጅም መንቁር ያለው ጋጋኖ ሳር ውስጥ እየወጋ ትልና እጭ ያወጣል። አንገቱ ላይ ነጭ ቀለበት ያለው እርግብ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በሌላ አገር የለም፤ በገደልና በግንብ ላይ ያድራል፣ ጎንደርም ግንብ አላጣችም። ከመስከረም ጀምሮም ጅራታቸውን እየወዘወዙ መሬት ላይ የሚሮጡ ከሰሜን የሚመጡ ተጓዥ ወፎች በመደቡ መካከል ዝንብ ይለቅማሉ።

ጉዳት የሚያደርሱት በሚታወቅ ጊዜ ነው። ዋኖስ የተዘራ አተርና ባቄላ ይቆፍራል፤ ጅራተ ረጅሟ፣ ጉትዬዋ ግራጫማ ወፍ በመንጋ መጥታ ሰላጣና ለስላሳ እንቡጥ ትቀነጥሳለች። ጥበቃ የሚያስፈልገው ከዘር ቀን እስከ አራት ቅጠል ድረስ ነው። እሾሃማ ቅርንጫፍ መደቡ ላይ ደራርቡ፣ ወይም ቀዳዳው 2 ሴንቲ ሜትር የሆነ መረብ በቀስት እንጨት ላይ ወጥራችሁ ጫፉን በድንጋይ ያዙ። የላላ መረብ ወፍ ያንቃል። ማስፈራሪያ በሳምንት ይለመዳል፤ ቦታውን በየሦስት ቀኑ ካልለወጣችሁ እንደ ማረፊያ ይጠቀሙበታል። ልጆችን ወንጭፍ ይዘው ጓሮ አትላኩ፣ ከማማ ላይ በወንጭፍ መጠበቅ ለማሽላ ማሳ ነው።

በበጋ ውሃ አኑሩላቸው። አሮጌ ትሪ ወይም ጠፍጣፋ የሸክላ ሳህን፣ ጥልቀቱ ከ5 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ፣ መሃሉ ላይ የሚቆሙበት ሻካራ ድንጋይ ያለበት። ድመት ከማትደበቅበት ክፍት ቦታ፣ ወገብ በሚያህል ግንድ ላይ ይቀመጥ። በየሁለት ቀኑ ደፍታችሁ ፈግፍጉት፤ የወባ ትንኝ እጭ ለመብረር ከአንድ ሳምንት በላይ ይፈልጋል፣ ጊዜ አትስጡት። ጥማቸውን ያረኩ ወፎች የበሰለ ቲማቲምን መውጋታቸው ይቀንሳል። ለአይጥ መርዝ አታስቀምጡ፤ የተመረዘችውን አይጥ የሚበላው ጉጉት ነው፣ እሱ ከሞተ አይጡ ይበዛባችኋል።

የሱፉን ራሶች ከማጨዳችሁ በፊት ሁለት ሦስቱን ለወፎቹ እንደ ቆሙ ተዉ። በሰኔ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ደግሞ ከሚያርፉበት ዛፍ ሥር ተመልከቱ፤ ቃጠሎው ስለማይሰማቸው የበሉት የቃሪያና የበርበሬ ዘር ወፍ ዘራሽ ሆኖ በቅሎ ታገኛላችሁ። አራት ቅጠል ሲሆነው ከነአፈሩ አንስታችሁ አዲስ ከፍ ወዳደረጋችሁት መደብ አዛውሩት።