ከብስክሌት ወርዳችሁ ስትሮጡ ዳሌያችሁን ለሚይዛችሁ

ከብስክሌት ወርዳችሁ ወዲያው ስትሮጡ ዳሌያችሁ የሚያዝ፣ መቀመጫችሁም የሚላጥ ከሆነ መጀመሪያ የኮርቻውን ከፍታ እዩ። እኔን ለወራት ያሰቃየኝ እሱ ነበር።

ግድግዳ ተደግፋችሁ ኮርቻው ላይ ተቀመጡ። ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አድርጉና እስከ ታች አዙሩት። እግራችሁ ቀጥ ይበል። ተረከዙን ለማድረስ ዳሌያችሁ ወደ ጎን ካዘነበለ ግን ኮርቻው ከፍ ብሏል ማለት ነው። 5 ሚሊሜትር ብቻ ዝቅ አድርጉና እንደገና ሞክሩ። ይቺን ትንሽ ነገር አትናቋት! በየዙሩ ዳሌ ወዲህ ወዲያ ሲል ጡንቻውም ቆዳውም ይጎዳል። የኮርቻው ጫፍም ወደ ላይ የቀና አይሁን።

ስፖንጅ ያለው የብስክሌት ቁምጣ ከለበሳችሁ ከስሩ ፓንት አያስፈልግም፤ ስፌቱ ይልጣል። በየ10 ደቂቃው ትንሽ ከኮርቻው ተነሱ፣ ደም ይዘዋወር።

ልትወርዱ 5 ደቂቃ ሲቀራችሁ ማርሹን አቅልላችሁ ፔዳሉን ፈጠን ፈጠን አድርጋችሁ ምቱ። ሩጫውን በአጭር እርምጃ ጀምሩ። የመጀመሪያውን 1 ኪሎ ሜትር ስለ ፍጥነት አታስቡ።

ብሽሽታችሁ አካባቢ ከደነዘዛችሁ ግን እባካችሁ ችላችሁ አትቀጥሉ። ውረዱ። መደንዘዙ ከተመላለሰባችሁ ሐኪም ይያችሁ።