ከባዛር ጋቢ፣ መሶብና ጀበና ስትገዙ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ በዓል ሲቃረብ በሚከፈት ባዛር ላይ የእጅ ሥራውና የፋብሪካው ዕቃ ጎን ለጎን ይሰቀላል። ዋጋ ሳትጠይቁ ገልብጣችሁ እዩ፤ ክርክሩ ከተጀመረ ዐይን ከዕቃው ይነሳል።

ብዙ ሰው የሚሸወደው በጋቢ ነው። ጋቢ አራት ድርብ፣ ነጠላ ሁለት ድርብ ነው፤ ጠርዙን በጣታችሁ ለይታችሁ ቁጠሩ። ከዚያ ወደ ብርሃን ዘርጉት። በእጅ የተፈተለ ማግ (በአግድም የሚገባው ክር) እዚህ ወፈር፣ እዚያ ቀጠን ይላል። ዳር እስከ ዳር እኩል ከሆነ የፋብሪካ ክር ነው። ድሩ (በቁመት የሚወጠረው ክር) የፋብሪካ ቢሆን ነውር የለውም፤ ስለሚጠነክር ብዙ ሸማኔ ይመርጠዋል። ዋጋውን የሚወስነው ማጉ ነው። «እትዬ፣ ማጉ ፈትል ነው?» በሉ። ሥራውን የሚያውቅ ድሩንና ማጉን ለይቶ ይነግራችኋል፤ «ሁሉም የእጅ ነው» ብሎ የሚያልፈውን ጠርጥሩ። ካላመናችሁ አስፈቅዳችሁ ከዘርፉ አንድ ክር አቃጥሉ፦ ጥጥ እንደተቃጠለ ወረቀት ሸትቶ ልል አመድ ይሆናል፣ ሰው ሠራሹ ቀልጦ ይጠጥራል። በጥለቱ ክር ግን አትፍረዱ፤ እሱ ብዙ ጊዜ ሰው ሠራሽ ነው። ያልታጠበ ጋቢ መጀመሪያ ሲታጠብ ስለሚሰበሰብ ረዘም ያለውን ውሰዱ። ለደሴ ብርድ ወፍራም ጋቢ፣ ለኮምቦልቻ ሙቀት ነጠላ ይበቃል።

መሶቡን ደልዳላ ቦታ አስቀምጡት፤ ከተንገዳገደ እግሩ ጠሟል። ክዳኑን ዙሪያውን አዙራችሁ ግጠሙ። አለላውን፣ ማለትም ቀለም የተነከረውን ስንደዶ፣ በረጠበ ነጭ ጨርቅ አሹት፤ ቀለም ከለቀቀ እንጀራውንም ያቀልማል። ሰፌድ ከሆነ ወደ ፀሐይ አንሡት፦ ብርሃን ካሳለፈ ስፌቱ ላልቷል፣ ጤፍ ያሾልካል።

ዋጋ ላይ ሁለት ሦስት ድንኳን ሳትጠይቁ አትቁረጡ። ሁለት ሦስት ዕቃ ከአንድ ሰው መግዛትም ያስቀንሳል። ባዛር ከሌለ ከኮምቦልቻ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀው የባቲ ገበያ ሰኞ ሰኞ ይቆማል፤ በጠዋት ድረሱ።

ጀበናን በጣት አንጓ ኳ ኳ አድርጉ፤ ድምፁ ከታፈነ የተሰነጠቀ ነው። እጀታው አንገቱን የሚነካበት ቦታ ላይ ደግሞ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ እንኳ ካለ ተዉት፣ መጀመሪያ የሚሰበረው እዚያ ነው። ውሃ ሞልታችሁ ጥቂት ጠብቁ። ያልተሟሸ ሸክላ ትንሽ ያልበዋል፤ ጠብ ጠብ ካለ ግን መልሱት። ቤት ስትደርሱ ውሃና የቡና አተላ ጨምራችሁ በትንሽ እሳት አፍሉ፣ ቀዝቅዞ ሳያበቃ ቀዝቃዛ ውሃ አታፍስሱበት። ባዶውን ከጣዳችሁት ይሰነጠቃል።