በተከታታይ የተነሱ ፎቶዎች አንዱ ጨልሞ አንዱ ነጥቶ ሲወጡ

ጥር 11 ጠዋት፣ በጎንደር ፋሲለደስ መዋኛ ጥምቀተ ባሕሩ ተባርኮ ወጣቶቹ ከግንቡ እየዘለሉ ሲገቡ፣ ፎቶ አንሺው ሁሉ ሹተሩን ተጭኖ ይይዛል። ኮምፒውተር ላይ ሲታይ ታዲያ አንዱ ፎቶ ደህና፣ ቀጣዩ የጨለመ፣ ሦስተኛው የነጣ ነው። መጀመሪያ የተለያዩትን ፎቶዎች የሹተር ፍጥነት (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ)፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል) እና አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) አስተያዩ።

ቁጥሮቹ ከተለያዩ፣ የተታለለው የካሜራው ብርሃን መለኪያ ነው። መለኪያው ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ማድረግ ይፈልጋል። ነጠላ የለበሰው ሕዝብ ፍሬሙን ሲሞላው ብርሃን የበዛ መስሎት ያጨልማል፤ ዘላዩን ተከትላችሁ ወደ ጥቁሩ ውሃ ስትወርዱ ደግሞ ያነጣል። ልጁ ላይ ያረፈችው ፀሐይ ግን ያችው ናት! ስለዚህ ማኑዋል፣ ማለትም ቁጥሮቹን ራሳችሁ የምትመርጡበት፣ አድርጉት፤ ለጠራ ፀሐይ 1/1000 ሰከንድ፣ ኤፍ 8 እና አይኤስኦ 200 ጥሩ መነሻ ነው። ማለዳ ፀሐይዋ ገና ዝቅ ስትል አይኤስኦውን ከፍ አድርጉ። ነጠላው ላይ ያለው ጥለት ከጠፋ ግን ብርሃኑ በዝቷል።

«ማኑዋል አድርጌውም ያው ነው» የሚል አይጠፋም። አይኤስኦውን ካሜራው ራሱ የሚቀያይርበት አውቶ አይኤስኦ አልጠፋማ! ሌላው ከካሜራው ጋር የሚመጣው 18–55 ሚሜ ሌንስ ነው፤ ዙም አድርጋችሁ ስታቀርቡበት ቀዳዳው ከ3.5 ወደ 5.6 ይጠባል። ከመጀመሪያው 5.6 ላይ ወይም ከዚያ በላይ ቁጥር ላይ አስቀምጡት።

ቁጥሮቹ አንድ ሆነው ብርሃኑ ከተለያየ፣ ቀን ከሆነ ዘላዩ ከፀሐይ ወደ ዛፎቹ ጥላ ገብቶ ይሆናል። ለዚህ ዘዴ የለውም፤ አንዱን ብርሃን መርጣችሁ እዚያ ጠብቁ።

ማታ አዝማሪ ቤት እስክስታ ስታነሱ ግን ጥፋቱ የአምፖሉ ነው። መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ ብዙ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃሉ፣ ይደበዝዛሉ፤ ዓይን አያየውም፣ 1/1000 ሰከንድ ግን ከዚያ ቁራሹን ብቻ ይይዛል። ቀለሙም አብሮ ይለዋወጣል። ወደ 1/100 ዝቅ በሉ። ትከሻው ይደበዝዛል፤ ለእስክስታ እንደኔ አያስከፋም። ጥርት ያለ ከፈለጋችሁ ካሜራችሁ የአምፖል ብልጭ ድርግም መከላከያ (anti-flicker) ካለው ክፈቱት። በፍላሽ ከሆነ ደግሞ ፍላሹ እስኪሞላ አልጠበቃችሁትም።

ቀን በማይለዋወጥ ብርሃን፣ ከግድግዳ ፊት እንኳ ከተለያየ፣ ሌንሱን ፈትሹ። ቀዳዳውን እስከ መጨረሻው ከፍታችሁ ደጋግማችሁ አንሱ፤ ከዚያ ኤፍ 11 ላይ ድገሙት። ሲከፈት እኩል ሆኖ ኤፍ 11 ላይ ከተዘበራረቀ፣ የአፐርቸሩ ምላጮች እየተጣበቁ ነው። እስኪጠገን ድረስ ከፍታችሁ ብቻ ተጠቀሙበት።