ጨቅላው ሆስፒታል ከተኛ ከመንካታችሁ በፊት
ጨቅላ ልጃችሁ ሆስፒታል ከተኛ፣ ከመንካታችሁ በፊት ቀለበትና ሰዓት አውልቁ። ባክቴሪያ ከሥራቸው ይደበቃል። ከዚያ እጃችሁን በሳሙና ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ታጠቡ፤ አውራ ጣትና የጥፍር ሥር ብዙ ጊዜ ይረሳል። በአልኮል ከሆነ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይበቃል። ታጥባችሁ ስልክ ከነካችሁ እንደገና ጀምሩ።

ሐኪሙም ነርሷም ልጁን ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን እንዲያጸዱ ጠይቁ። ይሉኝታ አይያዛችሁ፣ መብታችሁ ነው። ካኑላ (መድኃኒት ለመስጠት ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) ከተደረገለት በየቀኑ «ዛሬም ያስፈልገዋል?» በሉ። ሳያስፈልግ የቆየ ካኑላ ለጀርም በር ይከፍታል። ቦታው ከቀላ ወይም ካበጠ ወዲያው ተናገሩ።

የእናት ጡት ወተት፣ በተለይ እንገሩ፣ በሽታ ይከላከላልና አይቅርበት። ጉንፋን የያዘው ጠያቂ፣ የቅርብ ዘመድም ቢሆን፣ ሲሻለው ይምጣ።